ኤልዛቤት ኪ፦ በቨርጂኒያ ፍርድ ቤት ነጻነቷን ያስፈረደች ሴት

በ17ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበረችው ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ባለእርሻ ሲሞት ንብረቱ አንድ በአንድ ይመዘገባል። ከብቱ፣ ድስቱ፣ አልጋው፣ መሣሪያው፣ በበርሜል የታጨቀው ትንባሆ። ከዚያ ሰዎቹ ይከተላሉ። እንግሊዛዊ አገልጋይ ከሆነ የሚገመተው የቀረው የውል ዘመኑ ነው። ባሪያ ከሆነ ግን የሚገመተው ሰውየው ራሱ ነው። ኮሎኔል ጆን ሞትራም በ1655 ሲሞት ንብረቱን የሚያጣሩት ሰዎች ኤልዛቤት ኪ የምትባል የ25 ዓመት ገደማ ሴትንና ትንሹን ልጇን ጆንን ከባሪያዎቹ ጋር ደመሯቸው። ኤልዛቤት ግን አልተቀበለችም። ባሪያ አይደለሁም ብላ ከሰሰቻቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ ሰው የአሜሪካን ባርነት ሲያስብ በ1619 የመጀመሪያዎቹ አፍሪካውያን ቨርጂኒያ ሲደርሱ ሕጉም ሰንሰለቱም ተሟልቶ የጠበቃቸው ይመስለዋል። እንደዚያ አልነበረም። የኤልዛቤት መዝገብ የሚያሳየን ሥርዓቱ ገና ሲበጅ ነው። ክፍተት ነበረው። እሷ ክፍተቱን አገኘችው። ባለእርሻዎቹ ደግሞ በየት በኩል እንዳለፈች አይተው ያንኑ ቦታ ደፈኑት። ይህን ለመረዳት ግን ሰዎቹ ምን በልተው፣ ምን ሠርተው፣ ምን አምነው ይኖሩ እንደነበር ማየት አለብን።

ቅኝ ግዛቱ በ1607 ጄምስታውን ላይ ሲመሠረት ሰዎቹ የሚፈልጉት ወርቅ ነበር። ወርቅ የለም። ረሃብና በሽታ ግን ሞልቷል። ነገሩን የቀየረው ጆን ሮልፍ የሚባል ሰፋሪ በ1612 ገደማ ማልማት የጀመረው ትንባሆ ነው። የአገሬው ሕዝብ ከሚያበቅለው ይልቅ ለስለስ ያለ ዝርያ ስለነበር ለንደን ላይ ገበያ አገኘ፣ ከዚያ በኋላ ያለው የቨርጂኒያ ታሪክ በሙሉ ማለት ይቻላል የትንባሆ ታሪክ ነው። ሳንቲም እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ስለዚህ ግብር በትንባሆ፣ ዕዳ በትንባሆ፣ የፍርድ ቤት ቅጣት በትንባሆ፣ የቄሱም ደመወዝ በትንባሆ ይከፈላል።

ትንባሆ ደግሞ ጉልበት ይበላል። ብርዱ ሳይወጣ ችግኙ ይፈላል። በሜይ ገደማ ዝናብ ሲጥል በየጉብታው ይተከላል። ከዚያ መኮትኮት፣ ጫፉን መቀንጠብ፣ በጎን የሚያቆጠቁጠውን መንቀል፣ ትሉን ከየቅጠሉ በእጅ መልቀም አለ፣ ይሄ ሁሉ በዚያ ወበቅ ነው። በሞቃቱ ወቅት መጨረሻ ይቆረጣል፣ መጋዘን ውስጥ ተሰቅሎ ይደርቃል፣ ከዚያ በትልልቅ በርሜል ይታጨቃል። መንገድ የሚባል ነገር ስላልነበር ወንዙ ነው መንገዱ። መርከብ እስከ ባለእርሻው ደጃፍ ድረስ እየመጣ ትንባሆውን ይጭናል፤ ጨርቅ፣ ብረታ ብረትና ሰው ያራግፋል። ኑሮው የሀብታሙም ቢሆን የሚያስቀና አልነበረም። ቤቱ ግንድ መሬት ውስጥ ተቀብሮ የቆመ የእንጨት ቤት ነው። ምግቡ በቆሎ ነው። አዲስ የመጣውን ሰው ወባና ተቅማጥ ይፈጀዋል፣ የመጀመሪያውን ዓመት ያለፈ ሰው እንደ ተረፈ ይቆጠራል።

መሬት ሞልቷል (ከባለቤቶቹ ከአገሬው ሕዝቦች የተወሰደ መሬት ነው)። የጠፋው ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ከ1618 ጀምሮ የአንድን ሰው የመርከብ ዋጋ ከፍሎ ላመጣ ሁሉ በነፍስ ወከፍ 50 ኤከር መሬት ይሰጠው ነበር። አብዛኞቹ የሚመጡት ደሃ የእንግሊዝ ወጣቶች ናቸው፣ የጉዞውን ወጪ ከ4 እስከ 7 ዓመት በማገልገል የሚከፍሉ። በ1649 ለንደን ላይ በታተመ አንድ ጽሑፍ ግምት ቨርጂኒያ ውስጥ 15,000 ያህል እንግሊዛውያንና 300 ያህል ጥቁሮች ብቻ ነበሩ። ጥቁሮቹ በተግባር ብዙዎቹ ዕድሜ ልካቸውን ይገዙ ነበር። ግን ማን ባሪያ እንደሆነ፣ ልጁስ ምን እንደሚሆን የሚወስን የተጻፈ ሕግ የለም። አንዳንዶቹ ነጻ ወጥተው መሬት ይዘዋል። አንቶኒ ጆንሰን የተባለው አፍሪካዊ በ1651 የ250 ኤከር ባለቤት ሆኖ ነበር።

አሁን ወደ ሃይማኖቱ። ቨርጂኒያን ከሰሜኖቹ የንጹሓን አማኞች (ፒዩሪታኖች) ሰፈሮች ጋር እያነጻጸሩ ሃይማኖት የሌለበት የገንዘብ ጎሬ አድርጎ መሳል የተለመደ ነው። እኔ አልስማማም። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን እዚያ ሕግ ነበረች። በ1624 የወጣው ሕግ ሰዎች ለአምልኮ በሚሰበሰቡበት በእያንዳንዱ እርሻ ላይ ለዚህ ብቻ የሚሆን ቤት ወይም ክፍል እንዲኖር ያዛል። ያለ በቂ ምክንያት እሑድ የቀረ ሰው አንድ ፓውንድ ትንባሆ ይቀጣል። አንድ ወር የቀረ 50 ፓውንድ። ቄሱ ድርሻውን ሳያገኝ ማንም ትንባሆውን እንዳይሸጥ ተከልክሏል፣ ለቄሱ የሚሰበሰበውም ከመጀመሪያውና ከምርጡ ነው። አጥቢያዋ የጸሎት ቤት ብቻ አልነበረችም። ድሃ ትጦራለች፣ አባት የሌለውን ልጅ ታሳድጋለች፣ ወጪውንም ምእመኑ በትንባሆ ይከፍላል። ስለዚህ ሳያገባ ያረገዘች ሴት ካለች ጎረቤቱ ሁሉ አባቱን ይፈልጋል። የሥነ ምግባር ጉዳይ ነው፣ የኪስም ጉዳይ ነው። አባቱ ካልተገኘ ልጁን የሚቀልበው አጥቢያው ነዋ።

የኤልዛቤት ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የተወለደችው በ1630 ገደማ ነው። አባቷ ቶማስ ኪ እንግሊዛዊ ባለእርሻ ነው፣ የቅኝ ግዛቱ ምክር ቤት አባል የነበረ። እናቷ የእሱ ባሪያ የነበረች አፍሪካዊት ናት። ስሟን የጻፈ የለም። በ1636 ገደማ ቶማስ ኪ ብላንት ፖይንት በሚባለው ፍርድ ቤት ቀርቦ ስለ ልጅቷ ተጠየቀ። መጀመሪያ ካደ። ልጅቷ የእኔ ሳትሆን የካፒቴን ማቲውስ የነበረ የአንድ ቱርክ ልጅ ናት አለ። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። ቱርክ ማለት ለእነሱ ክርስቲያን ያልሆነ ማለት ነው፣ እንዲህ ከሆነ ልጅቷ እንግሊዛዊም ክርስቲያንም አባት የላትም። ፍርድ ቤቱ ግን አልሰማውም፣ ተቀጣ። ከዚያ በኋላ አባትነቱን ተቀበለ፣ ልጅቷም ክርስትና ተነሳች።

ቶማስ ኪ ወደ እንግሊዝ ሊሄድ ሲነሳ የ6 ዓመት ገደማዋን ልጅ ለሃምፍሪ ሂግንሰን ሰጣት። ሂግንሰን ሀብታም ነው፣ የልጅቷም የክርስትና አባት ነው። ውሉ የ9 ዓመት ነው። ሁኔታዎችም አሉበት፦ ከተራ አገልጋይና ከባሪያ በተሻለ ክብር ሊይዛት፣ በዘጠኙ ዓመት ውስጥ እሱ ወደ እንግሊዝ ከተመለሰ የጉዞዋን ከፍሎ ይዟት ሊሄድ፣ ለሌላ ሰው ደግሞ አሳልፎ ላይሰጣት። ቶማስ ኪ በዚያው ዓመት ሞተ።

ሂግንሰን ምን አደረገ? ለሞትራም አሳልፎ ሰጣት። ለእኛ የክርስትና አባት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፣ በየቤታችን ያለ ዝምድና ነው። እነሱም ዘንድ በቤተ ክርስቲያን ፊት የተገባ ቃል ነበር። ከዚህ መዝገብ ሁሉ እኔን በጣም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። አባቷ ቢያንስ ሲሄድ ውል አስሮ ሄዷል። በእግዚአብሔር ፊት እኔ አለሁላት ያለው ሰው ግን ልጅቷን እንደ ዕቃ አስተላለፋት።

ሞትራም በ1640 ገደማ ወደ ሰሜን፣ ኮን ወንዝ አጠገብ ሄዶ ሰፈረ፣ እሷንም ይዟት ሄደ። አካባቢው በኋላ ኖርዘምበርላንድ አውራጃ ተባለ። ዘጠኙ ዓመት በ1645 አለቀ። ማንም ውልሽ አልቋል አላላትም። አሥር ዓመት ተጨማሪ አገለገለች። በዚህ መካከል ዊልያም ግሪንስቴድ የሚባል፣ እንደ ብዙዎቹ በውል አገልጋይነት የመጣና ሕግ የሚያውቅ እንግሊዛዊ ወጣት አገኘች። ወንድ ልጅ ወለዱ። ያልተጋቡበት ምክንያት ሕጉ ራሱ ሊሆን ይችላል። በ1643 በወጣው ሕግ ያለ ጌታ ፈቃድ በድብቅ ያገባ አገልጋይ አንድ ዓመት ይጨመርበታል፣ ሴቷ ደግሞ የአገልግሎት ዘመኗ እጥፍ ይሆናል።

ሞትራም ሲሞት ኤልዛቤት ከሰሰች፣ ግሪንስቴድም ጠበቃዋ ሆኖ ቆመ።

ምስክሮቹ የተነፈሱት ቃል እስከ ዛሬ ይነበባል። ኤልዛቤት ኒውማን የምትባል የ80 ዓመት ገደማ አሮጊት የቶማስ ኪን ጉዳይ አገር ያወቀው መሆኑን፣ ብላንት ፖይንት ላይ ጥቁሯን ሴት በማስረገዙ መቀጣቱን ተናገረች። ሌላ ምስክር የቱርኩን ወሬ አነሳ። ስለ ዘጠኙ ዓመት ውል የሚያውቁም ቀረቡ። ከሁሉ ቀጥተኛ የሆነው ግን የአሊስ ላሬት ቃል ነው። እናቲቱ ከጌታዋ ጋር ስትተኛ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፣ ልጅቷ የኪ ልጅ መሆኗንም ከእናቷ አፍ ሰምቻለሁ አለች። እናቲቱ ራሷ ፍርድ ቤት ቆማ የተናገረችው ነገር የለም። የእሷ ምስክርነት የገባው በሌላ ሴት አፍ ነው፣ ለልጇ ግን ከጠቀሟት ቃሎች አንዱ ሆነ።

ጃንዋሪ 20 ቀን 1656 የአውራጃው ጁሪ (ከነዋሪው የተመረጡ ፈራጆች) ኤልዛቤት ነጻ ናት ብሎ ፈረደ። (በመዝገቡ ላይ ዓመቱ 1655 ይላል፣ የዚያን ጊዜው የእንግሊዝ አዲስ ዓመት ማርች 25 ላይ ስለሚገባ ነው።) ከንብረት አጣሪዎቹ አንዱ ኮሎኔል ቶማስ ስፒክ ወዲያው ይግባኝ አለ፣ ገዥውና አማካሪዎቹ የሚያስችሉት ከፍተኛው ፍርድ ቤትም ውሳኔውን ገለበጠው። ባሪያ ናት ተባለ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ግሪንስቴድ ግን ጉዳዩን ወደ ምክር ቤቱ ወሰደው። ምክር ቤቱ ኮሚቴ አቋቋመ፣ ኮሚቴውም መዝገቡን አይቶ ነጻ ልትሆን ይገባል የሚያሰኙ ምክንያቶችን ጻፈ። አንደኛ፣ በእንግሊዝ የጋራ ሕግ ነጻ ሰው ከባሪያ ሴት የወለደው ልጅ ነጻ ነው። ሁለተኛ፣ ክርስትና ከተነሳች ቆይታለች፣ ስለ እምነቷም ብትጠየቅ በደንብ የምትመልስ ናት ተብሏል። ሦስተኛ፣ አባቷ የሰጣት ለ9 ዓመት ብቻ፣ ያውም በሁኔታ ነው። የመጨረሻው ጌታዋም በቆሎና ልብስ ሊሰጣት፣ ከልክ በላይ ላገለገለችበት ጊዜም ሊክሳት ይገባል አሉ። ከእሷ ጥያቄ ጋር የሚከራከር ሰው ስላልቀረበ ግን ራሳቸው የመጨረሻ ፍርድ አልሰጡም። ሐሳባችን ይሄ ነው ብለው ጉዳዩ ወደሚታይበት ፍርድ ቤት መለሱት።

ሁለተኛውን ምክንያት ደግማችሁ እዩት። ስለ እምነቷ የምትመልስ ናት። ይህች ልጅ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ ስትተላለፍ ትምህርተ ሃይማኖቷን ይዛ ቆይታለች። እምነቷን ለነጻነት ብላ ያጠናችው ነው የሚል ሰው አይጠፋ ይሆናል። እኔ እንደዚያ አላስብም። ያደገችው በዚያ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ሌላ አታውቅም። ክርስቲያን ክርስቲያንን ባሪያ አድርጎ መያዝ አይገባውም የሚለው አሮጌ ሐሳብ ደግሞ በእንግሊዞቹ አእምሮ ውስጥ ገና አልሞተም ነበር።

ሌላኛው ንብረት አጣሪ ጆርጅ ኮልክሎ ግን ዝም አላለም። ጉዳዩ በገዥውና በአማካሪዎቹ ፊት ይታይልኝ ብሎ አመለከተ። ጁን 7 ቀን ገዥው ኤድዋርድ ዲግስ በእንግሊዝ መሪ በኦሊቨር ክሮምዌል ማዕረግ ስም የአውራጃው ፍርድ ቤት ጉዳዩን እንዲያቆም አዘዘ። በትእዛዙ ላይ የተጻፈችው ኤልዛቤት ኪ ተብላ አይደለም፣ "ጥቁሯ ቤስ" ተብላ ነው። አባት የሚባል ነገር ከስሟ ወጥቷል። የሆነ ሆኖ ጁላይ 21 ቀን 1656 የኖርዘምበርላንድ ፍርድ ቤት ነጻነቷን አጸና። ከዊልያም ግሪንስቴድ ጋር ሊጋቡ መሆኑም በዚያው ቀን ተመዘገበ። ሁለተኛ ወንድ ልጅ ወለዱ። ግሪንስቴድ በ1661 ሞተ፣ እሷም በኋላ ጆን ፒርስ የሚባል ሰው አገባች።

ታሪኩን ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆመዋል። ጥቁር ሴት ከሳ አሸነፈች፣ ጠበቃዋን አገባች፣ ያምራል። ለእኔ ግን ዋናው ነገር የሚመጣው በሚቀጥሉት 11 ዓመታት ነው።

በዲሴምበር 1662 ምክር ቤቱ አንድ አጭር ሕግ አወጣ። መግቢያው እንግሊዛዊ ከጥቁር ሴት የወለደው ልጅ ባሪያ ነው ወይስ ነጻ የሚል ጥርጣሬ ተነሥቷል ይላል። ጥርጣሬውን ካነሡት አንዷ ማን እንደሆነች አሁን ታውቃላችሁ። መልሱ፦ ልጁ የእናቱን ሁኔታ ይከተላል። ይሄ የእንግሊዝን ሕግ መገልበጥ ነው። በእንግሊዝ ሕግ የሰው ልጅ ማንነቱን ከአባቱ ነው የሚወስደው፣ ባለቤትነቱ በእናቱ የሚወሰነው የከብት ግልገል ነበር። ሕጉ ይቀጥልና ክርስቲያን ሆኖ ከጥቁር ጋር የዘሞተ ሰው ከተለመደው ቅጣት እጥፍ ይክፈል ይላል። ኃጢአቱ ይቀጣል፣ የኃጢአቱ ፍሬ ግን የጌታው ሀብት ይሆናል።

በኢኮኖሚው በኩል ይህ ምን እንደቀየረ አስቡት። በቶማስ ኪ ጊዜ ከባሪያ የተወለደ ልጅ ለአባትየው ጣጣ ነው። ፍርድ ቤት ይጠራል፣ ይቀጣል፣ ልጅ ያሳድጋል፣ ውል ያስራል። ከ1662 በኋላ ያው ሰው ያንኑ ነገር ቢያደርግ ንብረቱ በአንድ ሰው ይጨምራል። አባት ማነው ብሎ የሚጠይቅ አጥቢያም የለም፣ ልጁን ጌታው ስለሚቀልበው የምእመኑ ትንባሆ አይነካማ። ባርነት በዘር የሚወረስ የሆነው በዚህች አጭር አንቀጽ ነው።

በ1667 ሁለተኛው በር ተዘጋ። በዚያ ዓመት ፌርናንዶ የሚባል ሰው ሎወር ኖርፎክ አውራጃ ውስጥ ነጻነቱን ጠይቆ ነበር። ክርስቲያን ነኝ፣ እንግሊዝ አገር ለዓመታት ኖሬያለሁ አለ። በፖርቱጋልኛ ወይም በሌላ ቋንቋ የተጻፉ ወረቀቶችም አቀረበ። ፍርድ ቤቱ ማንበብ ስላልቻለ ክሱን ዘጋው። በሴፕቴምበር ምክር ቤቱ ጥምቀት የሰውን ባርነት ወይም ነጻነት አይለውጥም ብሎ ደነገገ። የሰጠው ምክንያት ጌቶች ከዚህ ስጋት ነጻ ሆነው ክርስትናን በትጋት እንዲያስፋፉ ነው የሚል ነው። የምክር ቤቱ አባላት እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ፣ ካልሄዱ ትንባሆ የሚቀጡ ሰዎች ናቸው። ጥምቀት ምን እንደሆነ ጠፍቷቸው አይደለም። ሥጋንና ነፍስን ለያይተው ነፍሱን ለቄሱ፣ ሥጋውን ለጌታው ሰጡት፣ በዚህም ቤተ ክርስቲያኒቱ ባሪያ የምታጠምቅ ግን ባርነትን የማትነካ ተቋም ሆና ቀረች።

ከኤልዛቤት ሦስት ምክንያቶች የተረፈው ውሉ ብቻ ነው። ውል ደግሞ አባት ያስረዋል፣ አባትም ከዚህ በኋላ ውል የሚያስርበት ምክንያት የለውም። ልጇ ጆን ከአሥር ዓመት በኋላ ቢወለድ ኖሮ፣ እናቱ ነጻነቷን ሳታስፈርድ፣ ግሪንስቴድ አባቱ መሆኑ አንዳች አይጠቅመውም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቨርጂኒያ ውስጥ ለነጻነት የሚከሱ ሰዎች የክርክራቸው አቅጣጫ ተቀየረ። አባቱን የሚቆጥር አልነበረም። እናትየው፣ የእናትየው እናት፣ ከዚያም በላይ ያለችው አያት ነጻ ነበረች ወይ የሚለው ነው የሚጣራው። እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና ከዚያም በኋላ፣ ነጭ ወይም የአገሬው ሕንድ የሆነች አያት እንደነበረቻቸው ለማስረዳት ሽማግሌ ምስክር ይዘው የሚቀርቡ ሰዎች ነበሩ። አንዳንዶቹም ረቱ።